የአምስቱ አገራት እንግዳና የአማረች ላም

ከአዲስ አበባ ወላይታ ሶዶ የሚወርድ ሰው ሞልቷል። ከሶዶ አልፎ ገሱባ የሚዘልቅ ግን ዘመድ የሞተበት ወይም መንግሥት የላከው ብቻ ነው። እኔን የላከኝ መንግሥት ነው። ወደዚያ የማትሄዱ እንደሆነ፣ መቼም አብዛኞቻችሁ አትሄዱም፣ ያየሁትን እንደወረደ ላውጋችሁ።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ዘመኑ ገበሬው ሁሉ በአንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ እያንዳንዱ ቀበሌ የልማት ሠራዊት ያሰለፈበት፣ ከስብሰባ የወጣ ሰው ወደ ሌላ ስብሰባ የሚገባበት ዘመን ነበር። በዚያው ሰሞን ሬዲዮው ሁሉ የሚያወራው በማደግ ላይ ስላሉ አምስት ትልልቅ አገሮች ነው። ተባብረዋል፣ የራሳቸውን ባንክ ሊያቋቁሙ ነው፣ ከእንግዲህ የነጭ ቁጣ ቀረ ይባላል። ከነዚህ አገሮች አንዳንድ ሰው ተውጣጥቶ አንድ የልዑካን ቡድን ወላይታ ድረስ ሄዶ ሞዴል አርሶ አደር ሊጎበኝ፣ በወተት ሀብት ልማት ላይ ሊተባበር ነው ተባለ። አለቃዬ ጠሩኝና፣

«ስንዱ፣ ዓለም እየተገለበጠች ነው» አሉኝ። «ስትገለበጥ እኛ ከላይ እንድንገኝ ትርጉሙ ላይ ተጠንቀቂ።»

ማክሰኞ

ልዑካኑ በራሳቸው መኪና ረቡዕ ስለሚመጡ እኔ ቀድሜ ከሾፌራችን ከጋሽ ደምሴ ጋር ወጣሁ። ጋሽ ደምሴ ሲነዳ ይዘምራል፣ መንገድ ሲበላሽ ደግሞ ይራገማል፤ ስለዚህ ዓይኔን ጨፍኜም አስፋልቱ የት እንዳለቀ አውቃለሁ። ቡታጅራ ምሳ በላን፣ ሆሳዕና ሻይ ጠጣን። ሻንቶ ስንደርስ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ተጠባባቂው ጎማ ወረደና ታየ፤ እሱም አየር የለውም።

«ይኼን የነፋው ማን ነበር?» አልሁ።

«ሪፖርት ላይ ተነፍቷል» አለኝ ጋሽ ደምሴ።

አዲስ አበባ ቢሆን ጡሩምባ ነበር የምንጠግበው። ሻንቶ ላይ ግን የባጃጅ ልጆች ሁለቱንም ጎማ ጭነው ወደ ጎሚስታ ወሰዱ። አንዲት ባለሱቅ አግዳሚ ወንበር አወጣችልኝ። ቀጥላ የተቀቀለ ቦይና፣ እኛ ጎዳሬ የምንለውን፣ ከዳጣ ጋር በሳህን አቀረበችልኝ። ዳጣ የወላይታ እርጥብ በርበሬ ነው፤ አንዴ ከቀመሱት ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ያስረሳል። ልከፍላት ስል «እንግዳ አይደለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ጉለሌ ውስጥ ከግድግዳ ጎረቤቴ ጋር ጨው ሳንበዳደር ስንት ዓመታችን።

ሶዶ ስንገባ ዳሞታ ተራራ ጉም ተከናንቦ ነበር። ያረፍንበት ፔንሲዮን ገንዳም ሻወርም አለው። ውኃ መኖሩን ስጠይቅ አስተናጋጇ «አለ፣ በባልዲ» አለችኝ።

ረቡዕ

ጠዋት የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ማቴዎስ መጡ። የዞኑ ሠራተኛ ናቸው፤ አማርኛቸው የጠራ፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ ሁለት ስልክ የያዙ። ወደ አዳራሹ ይዘውኝ ሄዱ። በመድረኩ ላይ ሰፊ ጨርቅ ተወጥሯል፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ የብቅ ባይ አገራት ልዑካን!»

«ከእናንተ ቢሮ በተላከው ጽሑፍ ላይ ነው ያገኘነው» አሉኝ ፊቴን አይተው። እውነታቸውን ነው፤ ተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ። «ግን ወይዘሮ ስንዱ፣ ከየት ነው ብቅ የሚሉት?»

«ከድህነት» አልኋቸው።

«እንግዲያው እኛም ለመንገዱ ቅርብ ነን» አሉ በሙሉ ልብ።

ኮሚቴው ቀኑን ሙሉ ስለ አምስት ወንበሮች ቅደም ተከተል ሲነታረክ ዋለ። በሕዝብ ብዛት ይቀመጡ ያለ ነበረ፣ በፊደል ተራ ያለም ነበረ። አንዱ ደግሞ ይህንን የሚወስን ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ከሰዓት በኋላ ባንዲራ ሰፊው አራቱን ይዞ መጣ፤ አምስተኛው ላይ ቀለሙ አልቆበት በሌላ ቀለም ሞልቶታል። የየትኛው አገር እንደሆነ አልናገርም፤ ወዳጅነታችን ይቀጥል።

አመሻሹ ላይ የልዑካኑ መኪና ደረሰ። የትምህርት ቤት ልጆች እያጨበጨቡ ዘፈኑ። በሩ ተከፈተና አንድ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ወረዱ። ሁላችንም ቀጣዩን ሰው ጠበቅን። ሾፌሩ በሩን ዘጋው።

ሚስተር ጆሺ ይባላሉ፤ ህንዳዊ ናቸው። ሌሎቹስ ብዬ ስጠይቃቸው እንደማፈር ብለው ነገሩኝ። የቻይናው የውል ፊርማ አለበት፣ የብራዚሉ ሻንጣው ጠፍቶበታል፣ የሩሲያው ሆዱን አሞታል፤ የደቡብ አፍሪካው ስለዚህ ጉብኝት በሚነጋገር ስብሰባ ላይ ነው። አቶ ማቴዎስ በሁለቱም ስልኮች ደዋወሉና የመጨረሻ ውሳኔያቸውን አሳወቁኝ፦ «ፕሮግራሙ አይቀየርም።»

አልተቀየረም። ሚስተር ጆሺን ከአምስቱ ወንበሮች መሐል አስቀመጧቸው፤ ከግራም ከቀኝም ባንዲራ ብቻ። ንግግር አድራጊው «ክቡራን ልዑካን!» ባለ ቁጥር ሰውዬው ግራና ቀኝ ይገላመጣሉ። ከዚያ እራት ሆነ። ለአምስት አገር ክብር ሰንጋ ተጥሏል። ወላይታ ደግሞ ሥጋ ያውቃል፤ ጥሬው በትልልቅ ትሪ እየመጣ ከዳጣው ጎን ተደረደረ። ሚስተር ጆሺ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ሥጋ አይበሉም።

ተረጎምኩት።

«ዶሮስ?» አሉ አቶ ማቴዎስ።

«አይበሉም።»

«ዓሣ?»

«ዓሣም።»

ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ እኔም ጾመኛ ነኝ። አቶ ማቴዎስ እኔንና እንግዳውን አፈራርቀው አዩንና ፊታቸው ፈካ፦ «ገባኝ! እንደ እርስዎ ናቸው ማለት ነው። የጾም ይምጣላቸው!» አስተናጋጇ በያይነቱ አመጣችና ፊታቸው የነበረውን ወተት ያለበትን ሻይ አነሳች። «ወተትና ቅቤ እወዳለሁ እኮ» አሉ ሰውዬው፤ ተረጎምኩላት። ልጅቷ በድንጋጤ አማተበች፦ «በረቡዕ?» ብላ ሻዩን ይዛው ሄደች። ሰንጋውን ኮሚቴው በአምስቱም አገራት ስም በላው። እኔና ሚስተር ጆሺ ሽሯችንን እየጠቀስን አየን።

አቶ ማቴዎስ ሲሸኙን ቅር ብሏቸው ነበር። «ፊዚክስ ያስተማረኝ ህንዳዊ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ምን እንደሚበላ ጠይቄው አላውቅም።»

ሐሙስ

ወደ ገሱባ በማለዳ ተነሳን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጋሽ ደምሴ መዝሙሩን ገና ከከተማ ሳንወጣ አቆመ። መኪናችን ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ከእርሻ የመጡ ሰዎች «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ፣ ሰላምታቸው ነው፣ ገፍተው አወጡን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጠበቅ የነበረ እንግዳ ከቀትር በኋላ ደረሰ።

ሞዴሉ አርሶ አደር አቶ አንጁሎ ይባላሉ። ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው በእንሰት ተከቧል፤ ግቢያቸው ግን በላሞች ተጨናንቋል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡሬ፣ ቁጥራቸው ከአሥር በላይ ይሆናል። ሁሉም በተለያየ ገመድ ታስረው፣ ሁሉም በተለያየ አቅጣጫ ይስባሉ። በአንድ ግቢ ያደጉ ከብቶች እንዲህ ሲሳሳቡ አይቼ አላውቅም፤ ግን እኔ የከተማ ሰው ነኝ።

አቶ ማቴዎስ ማብራሪያውን ጀመሩ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ አስከትላለሁ። «አቶ አንጁሎ ከአንዲት ጥጃ ተነስተው፣ የአንድ ለአምስት አደረጃጀቱን በመጠቀም፣ የኪራይ ሰብሳቢነትን አመለካከት በመታገል ለዚህ በቅተዋል።» ሚስተር ጆሺ እየዞሩ የላሞቹን ግንባር ዳሰሱ። ቀጥለው ጥያቄ አቀረቡ።

«ስማቸው ማን ማን ይባላል?»

አቶ አንጁሎ መሬት መሬት አዩ። «ስም…» አሉ። «ስም አላቸው።»

«ማን ማን?»

አቶ ማቴዎስ ጣልቃ ገቡና «በቁጥር ነው የሚታወቁት፣ ዘመናዊ አያያዝ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ከግቢው ዳር አንዲት ጥቁር ላም በረጅሙ ጮኸች። ከስሯ አንዲት ሴት ተንበርክካለች። ስንገባም እዚያው ነበረች፤ ከተቀባዮቹ ሴቶች ጋር ተሰልፈሽ እልል በይ ሲሏት እምቢ ብላ የቀረች። አሁን ቀና ብላ በወላይትኛ ጮክ ብላ ተናገረች፤ እንባዋ ይወርዳል።

«ምን አለች?» አሉ ሚስተር ጆሺ። እኔም ወደ አቶ ማቴዎስ ዞርኩ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የምትለው።»

«እያለቀሰች እኮ ነው።»

«የደስታ ነው።»

አፌን ከፈትኩ፤ የደስታ ነው ልል። አቶ አንጁሎ ግን ወደ እኔ መጡና እጄን ያዙኝ። መዳፋቸው እንደ ቅርፊት ይሻክራል።

«እህቴ፣ እኔ አማርኛ ትንሽ ነው ያለኝ፣ አንቺ በደንብ አስተርጉሚ» አሉ። «እንኳን ደህና መጡ አላለችም። ‹ላሜ ሊሞት ነው› ነው ያለችው። ይሄ ላሙ የኔ አይደለም፣ የአማረች ነው። አማረች ባል የለውም፣ ሞቷል። ሌላ ላም የለውም። እርጉዝ ነው፣ አታምጡት ብላ ነበር፤ ለአንድ ሰዓት ነው ብለው ነዱት። ከጠዋት ጀምሮ በፀሐይ ቆመ። አሁን ምጥ ይዞታል፣ ጥጃው አልወጣም። ያ ቀዩ የወንድሜ ነው። ያ ቡሬው የወንጌላዊው ነው። የኔ…» ዙሪያቸውን ፈለጉ። «የኔ ውሻው ነው።»

አቶ ማቴዎስ ጭንቅላታቸውን በቀስታ ነቀነቁብኝ፤ አትተርጉሚ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ሳሳምር፣ ሳለሰልስ፣ «ከፍተኛ መግባባት ላይ ተደርሷል» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሴትዮዋን አየሁ። ለአምስት አገር ክብር ሲባል ያለቻትን አንዲቱን ላም ልታጣ ነው። ወተቱ ለልጆቿ ነው፤ ፍጉ ደግሞ ለእንሰቷ ነው፤ እዚያ አገር ላም የሌለው ቤት እንሰቱም ይከሳል። ቃል በቃል ተረጎምሁት። ውሻውንም ጭምር።

ሚስተር ጆሺ ኮታቸውን አወለቁና ለአቶ ማቴዎስ ሰጧቸው፤ ሸሚዛቸውን እስከ ትከሻ ጠቀለሉ። ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ ጠየቁ። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የት አለ ሲባል ሶዶ ነው፤ ስለ እንስሳት ጤና ስልጠና ላይ። «አባቴ ለወተት የሚታለብ ጎሽ ያረባ ነበር» አሉኝ እንግዳው እጃቸውን እየታጠቡ። «ቢሮ የገባሁት እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሸሽ ነበር።»

የጥጃዋ አንድ የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ቀርቷል። አማረች የላሟን አንገት አቅፋ ታባብላታለች። እንግዳው መሬት ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ መነጽራቸው በጭቃ ተሸፍኖ፣ የታጠፈውን እግር ፈለጉ። ሁለቱ በየቋንቋቸው ይነጋገራሉ፤ እሷ በወላይትኛ፣ እሳቸው በምን እንደሆነ እንጃ፣ እንግሊዝኛ ግን አልነበረም። ማንም ተርጉሚልኝ አላለኝም። አቶ ማቴዎስ ኮቱን በሁለት እጃቸው እንደ ባንዲራ ዘርግተው ይዘው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሲጸልዩ ነበር። አማረች ወደ ኋላ ዞረች፣ ከእንግዳው ጋር አብራ ጎተተች፤ አቶ አንጁሎም ተጨመሩ። ጥጃዋ ዱብ አለች።

አትተነፍስም። አማረች የጥጃዋን አፍንጫ በጣቷ ጠራርጋ እፍ አለችበት፣ ጎኗን በሣር አሸችው። ከዚያ ጥጃዋ አስነጠሰች።

እልልታው ያን ጊዜ መጣ፣ ሳይታዘዝ።

አቶ ማቴዎስ ወዲያው ሥራቸው ትዝ አላቸው። «ይህች ጥጃ ‹ትብብር› ተብላ ትሰየም» አሉ። ለአማረች ሲነገራት አጭር መልስ ሰጠች፤ አቶ አንጁሎ ተረጎሙት፦ «ስሙን ራሷ ታወጣለች። መጀመሪያ ቆሞ ጠባዩን ልየው ትላለች።»

ጥጃዋ ጠብታ ከጠገበች በኋላ እንገሩ ታልቦ፣ ሞቆ ቀረበልን። ከእንሰት የተጋገረ ሙቿም በቅቤ ታሽቶ መጣ። ሚስተር ጆሺ እንገሩን ሲቀምሱ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ በእሳቸው አገርም ላም ስትወልድ በስኳር አፍልተው ይበሉታል። ከአዲስ አበባ ከተነሱ ወዲህ የጠገቡት ያን ቀን ይመስለኛል።

አቶ ማቴዎስ አንገታቸውን ደፍተው ስለ ላሞቹ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ እንግዳው አቋረጧቸው። «አይጨነቁ። በእኛ ከተማ የአምስቱ አገሮች ስብሰባ ሲደረግ በየመንገዱ የተደረደረው አበባ የኪራይ ነበር፤ በማግሥቱ በጭነት መኪና ተመለሰ። የጎረቤት ላም በአንድ ግቢ አቁሞ ትልቅ መምሰል፣ ኅብረታችን ራሱ አንዳንዴ እንደዚያ ነው።»

አማረች የሚባለው ምን እንደሆነ ጠየቀች። አቶ ማቴዎስ በዚህ ጊዜ በደንብ ተረጎሙላት መሰል፣ ሴቶቹ ሁሉ ጠጋ አሉ። እነሱም ዊጆ አላቸው፤ እንደ እቁብ ሆኖ በቅቤ ነው፣ በየተራ ለአንዷ ያዋጣሉ። አማረች ጥያቄ አላት ተባለ።

«በእናንተ ዊጆ የአንዱ ላም ሲነጥፍ ሌሎቹ ወተት ይሰጡታል?»

ሚስተር ጆሺ መነጽራቸውን ጠረጉ። «ጉዳዩ ገና በውይይት ላይ ነው» አሉ።

እኔ በአማርኛ፣ አቶ ማቴዎስ በወላይትኛ ስናደርስላቸው ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አማረች ማሰሮውን አንስታ ጣሳቸውን እንደገና ሞላችላቸው።

ዓርብ

ሚስተር ጆሺ በማለዳ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ኮታቸው ብቻ ንጹሕ ነበር። እኔ ግን ተያዝኩ። ሐሙስ መምጣት የነበረባቸው የቴሌቪዥን ሰዎች ዓርብ መጡና ተመልሰን ገሱባ ሄድን። የጎረቤት ላሞች ሁሉ ወደየቤታቸው ገብተዋል። የአማረች ላምና ጥጃዋ ግን ገና መንገድ ስለማይችሉ እዚያው አቶ አንጁሎ ግቢ ናቸው፤ አማረችም አብራ አድራለች።

ጋዜጠኛው ወጣት ነው፣ ጽሑፉን ጽፎ ጨርሶ ነው የመጣው። አቶ አንጁሎን ከላሟ ጎን አቆመና «አባት፣ ‹ላሟ የኔ ናት፣ በትብብሩ ተጠቃሚ ሆኛለሁ› ይበሉ» አላቸው።

አቶ አንጁሎ ካሜራውን አዩ። «ላሙ የአማረች ነው።»

«ቁረጥ! አባት፣ ‹ላሙ› አይባልም። ‹ላሟ ናት›።»

«እሺ። ላሟ የአማረች ነው።»

«‹ናት›! ደግሞ ‹የኔ› ነው የሚሉት።»

«እሺ። የኔ አይደለችም። ላሟ የአማረች ናት።»

ሰዋስዋቸው በየቅጂው እየተሻሻለ ሄደ፤ ነገሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ጋዜጠኛው ተስፋ ቆርጦ አቶ ማቴዎስን በቋንቋቸው ያስረዱልኝ አለ። አቶ ማቴዎስ ወደ አቶ አንጁሎ ጠጋ ብለው፣ ትከሻቸውን ይዘው፣ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ካሜራው ተነሳ።

«ላሟ የአማረች ናት» አሉ አቶ አንጁሎ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ጮክ ብለው።

ወደ መኪናው ስንመለስ አቶ ማቴዎስን ምን ብለዋቸው እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ካሜራውን እያየህ ተናገር አልሁት» አሉኝ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነበር።

ቀደም ሲል ሽማግሌውን ሲሰናበቷቸው ግምገማ እንደማይቀርላቸው ነግረዋቸው ነበር፤ ሞዴልነቱም ሊነሳ ይችላል። አቶ አንጁሎ «ይውሰዱት» አሉ። «እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፊት የምቆመው እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ

ልንነሳ ስንል ከገሱባ በመጣ አይሱዙ ጥቅል ተላከልኝ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ነው፤ የአማረች የዊጆ ጓደኞች አዋጥተው ነው ተባለ። አዲስ አበባ ገብቼ ስከፍተው ሽታው ደረጃውን ወጣ፣ ከግድግዳ ጎረቤቴ በር ደረሰ። አንኳኩታ «ምንድነው እንዲህ የሚሸት?» አለችኝ። ቆርጬ ሰጠኋት። ስሟ ሐመልማል መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

ሰኞ ለአለቃዬ የሆነውን ሁሉ አጫወትኳቸው። ጥጃዋ ላይ ስደርስ ብዕራቸውን አነሱና ጻፉ፦ «በእንስሳት ሀብት ዘርፍ ተጨባጭ የልምድ ልውውጥ ተደርጓል።» ስለ ኪራዩ አበባም ነገርኋቸው፤ እሱን አልጻፉትም።

ዜናው በሳምንቱ ተላለፈ። ከባለቤቴ ጋር እራት ላይ ነበርን። የአምስቱ ባንዲራዎች ታዩ፤ ጭቃው አልታየም። የዜና አንባቢዋ ድምፅ በሞቀ ሙዚቃ ታጅቦ ቀጠለ፦ የአምስት አገራት ልዑካን በወላይታ ዞን ባደረጉት የተሳካ ጉብኝት ሞዴል አርሶ አደሩ የደረሱበትን ደረጃ አድንቀዋል። ከዚያ አቶ አንጁሎ ስክሪኑን ሞሉት። ከጎናቸው ጥቁሯ ላም፣ ከሆዷ ሥር ደግሞ ቆማ የምትጠባ ጥጃ። ድምፃቸውን አጥፍተውታል፤ ሙዚቃው ብቻ ይሰማል። አፋቸው ግን ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ።

«ምን እያሉ ነው ሰውዬው?» አለ ባለቤቴ።

ከወንበሬ ተነስቼ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋሁ።

«ላሟ የአማረች ናት» አልሁት።